የውሰት ቃል ዕዳ አለበትን?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያበው ብሂል። ከባዕድ ልሳን በተወሰደ ቃል የሚናገረውን ሕዝብም በሰው ወርቅ እንዳጌጠ የሚቆጥሩት ጥቂቶች አይደሉም። ቃሉ በድል አድራጊ እጅ የመጣ ሲሆን ነቀፋው ይበረታል፤ ገዢው ከሄደ በኋላ ቃሉን ማቆየት ቀንበርን ወድዶ እንደ መሸከም ይታያል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

የናይሮቢ ሰው የሚናገራቸው ሁለት የስዋሂሊ ቃላት ለዚህ ጥያቄ ምስክር ይሆናሉ። ጠረጴዛ «ሜዛ» ይባላል፤ እስር ቤት ደግሞ «ጌሬዛ»። ሁለቱም ከፖርቱጋልኛ የመጡ ሲሆኑ የኋለኛው በምንጩ ቤተ ክርስቲያን ማለት እንደነበር የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩትን የሞምባሳውን ፎርት ጂሰስ ምሽግ በ1698 ለኦማን ዐረቦች ለቀቁ፤ ምሽጉም በእንግሊዝ ዘመን ወህኒ ሆኖ አገለገለ። ዛሬ «ጌሬዛ» ሲል የፖርቱጋልን ንጉሥ የሚያስብ የለም፤ ቃሉ የተናጋሪው ሆኗል።

የአማርኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ድል ሆኖ ከኢትዮጵያ ሲወጣ «መኪና»፣ «ጎማ» እና «ካቻቪቴ» የሚሉት ቃላት አብረውት አልወጡም። አማርኛ «መኪኖች» ብሎ አበዛ፤ «ባለመኪና» ብሎ አጣመረ፤ እንግዳውን በራሱ ሰዋስው አሳደረ። ስፔን ከ300 ዓመት በላይ በገዛቻት ፊሊፒንስም የታጋሎግ ተናጋሪ ጠረጴዛውን «ሜሳ» ብሎ ከስፓኝኛ ሲወስድ ቋንቋው ታጋሎግነቱን አልተወም። ዕቃ የተዋሰ ይመልሳል፤ ቃል የተዋሰ ግን የሚመልሰው የለም፤ አዋሹም አንዳች አይጎድልበትም።

በደሉ ከቃሉ ካልሆነ እንግዲህ ከወዴት ነው? ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በትምህርት ቤት ግቢ ኪኩዩ ሲናገር የተያዘ ሕፃን ይገረፍ፣ የውርደት ምልክትም በአንገቱ ይንጠለጠልበት እንደነበር መስክሯል። ይህ መነጠቅ እንጂ መዋስ አይባልም። መዋስ በነበረው ላይ ይጨምራል፤ መነጠቅ ግን ተናጋሪው በእናቱ ቋንቋ እንዲያፍር ያደርገዋል።

ይህ ልዩነት በኢስሊ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። «ሳህኑን ሜዛው ላይ አስቀምጪው» ያለ ልጅ አማርኛ ተናግሯል። የሚያሳስበው፣ ወላጁ በአማርኛ ሲጠይቀው ዘወትር በእንግሊዝኛ የሚመልሰው፣ ውሎ አድሮም በአማርኛ የሚጠይቀው የሚያጣው ልጅ ነው። መድኃኒቱ ስዋሂሊን መከልከል ነው እንዳይባል፣ ስዋሂሊ በኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ቋንቋ ሆኖ የተደነገገ፣ ልጁም ከጎረቤቱ ልጅ ጋር የሚጫወትበት አንደበት ነው። ስለ አንድ የባዕድ ቃል ልጁን የሚቆጣ ወላጅ ንጉጊ የመሰከረውን ቅጣት ገልብጦ ይደግመዋል፤ ልጁም አማርኛን ከቁጣ ጋር አያይዞ ይሸሸዋል።

የውሰት ቃል ዕዳ አለበት ከተባለ፣ ዕዳው ለቃሉ አዋሽ የሚከፈል አይደለም፤ ባለዕዳው ወላጅ፣ ባለገንዘቡ ልጅ ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ወላጅ እንግሊዝኛው ቢቀልለውም፣ የውሎውን ወሬ በአማርኛ ሲያወራ፣ ተረቱን በአማርኛ ሲተርት፣ የልጁን የተቀላቀለ መልስም ሳያፌዝ ሲሰማ ይከፍለዋል። እንዲህ ባለ ቤት «ሜዛ» እንግዳ ሆኖ ቢገባም ቤተኛ ሆኖ ይቀመጣል።