ኮከቡ ስንት ነው?

«ጋሼ፣ እባክህ ኮከብ ግዛልኝ» አለችኝ እህቴ ከነቀምት ደውላ። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለነበር ኮከብ የሚባል ብስኩት የወጣ መስሎኝ «የምን ኮከብ?» አልኳት። «ጣሪያ ላይ የሚበራው ነዋ! ለጎረቤቶቻችን ከአሜሪካ ተልኮላቸው ልጆቼ እዚያ ቤት ካላደርን እያሉ አስቸገሩኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መብራት አጥፍተው ሲለኩሱት ጣሪያውንና ግድግዳውን በኮከብ የሚሞላ መሣሪያ ነው። እህቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ንዴት ተለወጠ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ኮከብ መላክ ማለት እኮ ቡና ጭኖ ወደ ጊምቢ መውረድ ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት በዚያው በወለጋ ገጠር ነው። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ማታ ማታ ማማ ላይ እየወጣን ከርከሮና ጃርት እንጠብቅ ነበር። እንጠብቅ ነበር ልበል እንጂ የሚጠብቁት አያቴ ነበሩ፤ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ነበር የማየው። ሰባቱ ኮከቦች በምሥራቅ ብቅ ሲሉ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከአንዱ ጋራ እስከ ሌላው ሲዘረጋ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ያደርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። አያቴ ሰዓት የላቸውም። ቀና ብለው አይተው «ሊነጋጋ ነው» ይላሉ፤ ይነጋል። በጣት መጠቆም ግን ክልክል ነበር፤ ኮከብ አይጠቆምም ይሉኛል። እስከ ዛሬ ድረስ ስጠቁም እጄን አጠፍ አደርጋለሁ።

እና ለዚህ ሰማይ ወራሽ ለሆነች የሰባት ዓመት ልጅ የፕላስቲክ ኮከብ ልግዛ? ለማንኛውም ዋጋ መጠየቅ አይከፋም ብዬ ወጣሁ።

የገባሁበት ሱቅ ያለው የጠፈርተኛ ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ነው። ባለሱቁ መጋረጃውን ጋርዶ ለኮሰው። አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣሪያውን ሞላው፤ ከሥሩ ሰማያዊና ሐምራዊ ደመና ይዋኛል። እውነቴን ነው፣ ያምራል። «ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ ኮከቦች የትኞቹ ናቸው?» ብዬ ስጠይቀው እንደ እብድ አየኝ። «ጋሼ፣ ኮከብ ኮከብ ነው። ከፈለጉ ሙዚቃም አለው።»

በኋላ ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ርካሽ ዕቃ አንድ የሌዘር ጨረር በተፈቀፈቀ ፕላስቲክ ውስጥ አሳልፎ በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ያደርገዋል። ነጥቦቹ የሰማዩን ቅርጽ አይከተሉም፤ እንደ ተበተነ ጤፍ ናቸው። ሌላኛው ዓይነት የሰማይ ካርታ የታተመበት ክብ ሳህን አለው፤ ብርሃኑ በሳህኑና በመነጽሩ አልፎ ትክክለኛዎቹን ኮከቦች በየቦታቸው ጣሪያው ላይ ያስቀምጣል፣ ቀስ እያለም ያዞራቸዋል። ሴጋ ቶይስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ታካዩኪ ኦሂራ ከሚባል የፕላኔታሪየም ሠሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሆምስታር» ብሎ ያወጣው እንዲህ ያለውን ነው። በኋላ ከወጡት ውስጥ 60 ሺህ ኮከብ የሚያሳዩ አሉ። የሰው ዓይን ጨለማ በሆነ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያየው ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ቢሆን ነው። አያቴ ይኼን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

የእነዚህ ሁሉ አባት በጀርመን የዛይስ ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1923 ሙኒክ ውስጥ ያሳየው ፕላኔታሪየም ነው። ሰማይን በጣሪያ ላይ መሳል ለምን አስፈለጋቸው? ከተማቸው ጭስና መብራት ስለሆነ እንዳይመስላችሁ ብቻ፤ የሰማዩን አሠራር ለሕዝብ ለማስተማርም ነበር። ዛሬ ግን የመብራቱ ነገር ብሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 80 በመቶ የሚሆኑ ሰሜን አሜሪካውያን ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖሩበት ቦታ ማየት አይችሉም ብሏል። የጎረቤቶቻችን ዘመድ አሜሪካ ሆኖ ይህን መላኩ ታዲያ ምን ይገርማል? የጎደለበትን ነው የላከው።

በእኔ ቤት ጥያቄው የዋጋ ሳይሆን የእውነት ነበር። ልጅ ጣሪያ ላይ አረንጓዴ ነጥብ እያየ «ይኼ ኮከብ ነው?» ሲለን «አዎ» ካልነው ዋሸነው ወይስ አጫወትነው? አንድ አስተማሪ ወዳጄ በዚህ ሳቀብኝ። «ተረት ስትነግረው ቀበሮ አፍ አውጥታ ትናገር የለም እንዴ?» አለኝ። ተረት ግን ገና ሲጀምር «ተረት ነኝ» ይላል፤ «ተረት ተረት» ብለን «የመሠረት» ብለን ነው የምንገባው። አረንጓዴው ነጥብ እንዲህ አይልም። በዚያ ላይ ሰባቱ ኮከቦች ወደ 440 የብርሃን ዓመት ይርቃሉ። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ሲነሣ እዚህ አገር አፄ ሠርፀ ድንግል ዙፋን ላይ ነበሩ። ያ ሁሉ ዘመን ተጉዞ መጥቶ የአንዲት ልጅ ዓይን ላይ የሚያርፍ ብርሃን እያለ፣ ከሁለት ሜትር ላይ የሚመጣ ሌዘር ምን ያደርግላታል? ወዳጄ ዝም አለ። የረታሁት መስሎኝ ነበር።

በየካቲት ለለቅሶ ነቀምት ሄድኩ። አውቄ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት፤ ለልጆቹ እውነተኛውን ላሳያቸው ነዋ! ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። (ይኼ ስጦታ እንኳ አይቀርም።) ልጅቷን እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰማዩ ፍም የተበተነበት ይመስላል፤ ኦሪዮን አናታችን ላይ ነው፣ ሰባቱ ኮከቦች ወደ ምዕራብ ዘንበል ብለዋል። እጄን አጠፍ አድርጌ ጠቆምኩ።

ልጅቷ ወደ ላይ አላየችም። አንገቷን ወደ መንገዱ አዙራ ታዳምጣለች። «ኤሱማ፣ እንግባ» አለችኝ። ኤሱማ የእናት ወንድም ማለት ነው። እናቷም ከበሩ ሆና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግቡ እንጂ!» አለች።

ከገባን በኋላ ነው የነገረችኝ። «ጋሼ፣ አንተ የምታውቀው ሌሊት ሌላ ነው። የእኔ ልጆች ማታ ውጪ የሚባል ነገር አያውቁም። ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር ነው የምናስገባቸው። ትንሹ መብራት ሲጠፋ ይጮሃል፤ ይኼ ኮከብ የሚሉት ሲበራለት ነው ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ የሚተኛው።»

ምን እላለሁ? በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ድምጿን ሳልሰማ ስንት ቀን እንዳደርኩ አስታወስኩ። ከዚያ በኋላ በነጆም፣ በመንዲም፣ በሻምቡም መንገድ ስንቱ ሰው ቀኑ ሳይጨልም ቤቱ ለመግባት እንደሚሮጥ በወሬ ሳይሆን በዘመድ አውቀዋለሁ። ይኼን ሁሉ እያወቅሁ ለልጅ ሌሊትን የሚያህል ነገር ይዤ መጣሁ ብዬ ተኩራርቼ ነበር። አሜሪካኖቹ ሰማያቸውን የወሰደባቸው መብራት ነው። የእህቴን ልጆች ሰማይ የወሰደው ግን ፍርሃት ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም።

ለነገሩ በሰማይ ጉዳይ አገራችንም ብዙ ተስቆባታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲቋቋም «የሚበላ ሳይኖር ጠፈር ምን ይሠራል?» ያለው ጥቂት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና መጠቀች። እኔም ያኔ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። አሁን ሳስበው የሳቅነው ሰማይ ለጠገበ ሰው ብቻ የተፈቀደ አስመስለን ነው። በእህቴም ላይ የሠራሁት ያንኑ ነው፤ ሰማይን ለደፋር ብቻ ፈቀድኩ።

ገዛሁት። ግን የትኛውን? እዚህ ላይ አልተሸነፍኩም። ጠፈርተኛውን ሦስት ምክንያት አስተወኝ። አንደኛ ባለሱቁ ስለሌዘሩ ኃይል የሚያውቀው ነገር የለም፤ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ የሚበራ ቀዳዳ ሲያይ ዓይኑን ነው የሚለጥፍበት። ሁለተኛ ያለ ሶኬት አይሠራም። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። አረንጓዴ ነጥብ ስታይ ያደገች ልጅ አንድ ቀን ሰላም ሆኖ ጓሮ ብትወጣ አንድም የምታውቀው ፊት አታገኝም። ባለ ሳህኑን ያየች ግን ሰባቱን፣ ኦሪዮንን፣ ደማቁን ኮከብ ሳይቀር እንደ ዘመድ ታውቃቸዋለች። እንግዲህ ውሸት ነው ካላችሁ፣ ወደ እውነቱ ደጃፍ የሚያደርስ ውሸት ነው። ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣሁት፤ በፓወር ባንክ ይሠራል።

ለፋሲካ ይዤው ሄድኩ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ እያየ ተጋደመ፤ ትንሹ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ይጥፋ ብሎ ለመነ። እኔ ግን ካርታውን ሳየው አንድ ነገር ጎደለብኝ። ሳህኑ የተሠራው ለሰሜን አገር ሰው ነው። ነቀምት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሁለቱንም ሰማይ ታያለች፤ በሚያዝያ ማታ የደቡብ መስቀል ከደቡቡ ጋራ በላይ ቆሞ ይታያል። ጃፓኖቹ ለእኛ አላሰቡልንም።

ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አመጣሁና ቂጡን በሚስማር በሳሁት፤ አራት ቀዳዳ። ባትሪ ውስጡ አስገብተን ወደ ግድግዳው ስናዞረው መስቀሉ ታየ፤ ትንሽ ተንሻፎ ነው እንጂ ታየ። እህቴ ሳቀች። «ጋሼ፣ ውሸት ነው ስትል አልነበረም እንዴ? አሁን ራስህ ሠራህ!»

ልጅቷ ግን ግድግዳውን ትንሽ አየችና «እውነት እንዲህ ነው?» አለችኝ። እናቷን አየኋት። እናቷ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ሄዳ በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ስንጥቅ አድርጋ ከፈተችው። አራት ሰዓት ሆኗል፤ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ልጅቷ አገጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ አየች። በጣቷ ልትጠቁም ብላ ተወችው።

«ኤሱማ፣ አምስት ናቸው» አለችኝ። «ትንሿን ረስተሃታል። ሚስማሩን አምጣው።»