ውዳሴው የማን ነው?

ዓለም ሁሉ አንድን ሰው በአንድ ቃል ሲያመሰግን፣ ተመስጋኙ ግን ምስጋናው ለብቻው እንደማይገባው እየተናገረ ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው ብናይ፣ እውነት ያለችው ከማን ዘንድ ነው? ይህን ጥያቄ ከኒል አርምስትሮንግ ሕይወት ይልቅ አጥርቶ የሚያቀርብልን የዘመናችን ታሪክ ያለ አይመስለኝም፤ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃን በእግሩ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ከመሆኑም በላይ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2004 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ እስካረፈ ድረስ የስሙን ገናናነት እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ቈጥሮ የኖረ ሰው ነውና።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ውዳሴው ከባዶ የተነሣ አለመሆኑ ነው። «ንስር» የተባለችው መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ገጽ ስትወርድ ኮምፒዩተሩ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ እያሰማ፣ ሊያሳርፋት ይመራበት የነበረውም ስፍራ ከትልቅ ጕድጓድ አጠገብ ያለ፣ ቋጥኝ የሞላበት ሆኖ ሲገኝ፣ አርምስትሮንግ መሪውን በእጁ ተረክቦ ቋጥኙን አሳልፎ ደልዳላ ቦታ ይፈልግ ጀመር፤ ባልንጀራው በዝ አልድሪን ከፍታውንና ፍጥነቱን በቍጥር እየጠራለት፣ ከሂውስተን መቈጣጠሪያም ለማረፍ የቀረው ጊዜ መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎም 30 ሴኮንድ መሆኑ እየተነገረው፣ ድምፁ ሳይናወጥ አሳረፋት። ልቡ ግን በዚያች ሰዓት በደቂቃ 150 ጊዜ ያህል ይመታ እንደ ነበር መሣሪያው መዝግቧል። እንግዲህ እርጋታው ፍርሃት ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ ሥራውንም ሠርቶታልና አልሠራሁም ቢል ኖሮ ሐሰት በሆነ ነበር።

አበው መነኮሳት እንደሚያስተምሩት፣ ሌላው ፈተና ድል በተነሣ ቍጥር ሲደክም፣ ውዳሴ ከንቱ ግን ድሉን ራሱን ምግብ አድርጎ ይፋፋል፤ ጿሚውን በጾሙ፣ የተሸሸገውንም በመሸሸጉ ያጠምደዋል። ሢመትን ፈርተው ወደ በረሓ የገቡ ቅዱሳን ስማቸው የገነነው በመሸሻቸው ምክንያት መሆኑን ገድላቸው ይመሰክራል። አርምስትሮንግ ግን መናኝ አልነበረም። እናቱ አጥባቂ ክርስቲያን ስትሆን፣ እርሱ በወጣትነቱ ሃይማኖቱን ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ ፈጣሪ አለ ከማለት በቀር በተለየ ሥርዓተ ሃይማኖት እንደማይታሰር የሚያመለክት ነበር። ታዲያ ትሕትናውን ከወዴት አገኘው?

እኔ እንደሚመስለኝ ከሙያው ነው። የሙከራ አብራሪና መሐንዲስ ነበር፤ በዚህም ሙያ ሐሳዊ ሒሳብ ሰው ይገድላል። መጋቢት 7 ቀን 1958 ዓ.ም. እርሱ ይመራት የነበረችው መንኮራኩር ጀሚኒ 8 አንድ የግፊት ሞተሯ አልዘጋ ብሎ በየሴኮንዱ አንድ ዙር ያህል ስትሽከረከር፣ ራሱን ሊያስት ከተቃረበው ከዚያ አዙሪት ያዳናት፣ ለመመለሻ የተቀመጡትን ሌሎች ሞተሮች አስነሥቶ ነው። ከእንዲህ ያለ አደጋ ተርፎ ዘገባ የሚጽፍ ሰው የራሱን ድርሻ ቢያበዛና የብልሽቱን ምክንያት ቢያደበዝዝ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ጓደኛውን ለሞት ይዳርጋል። ስለዚህ አርምስትሮንግ ወደ ጨረቃ ባደረሰው በአፖሎ ሥራ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች መድከማቸውን ሲያስታውስ፣ ራሱን ለማዋረድ ወይም ለጨዋነት ያህል የሚናገር አይመስለኝም፤ ሒሳቡን በትክክል እየዘጋ ነበር።

አድናቂው ሕዝብ ግን ሒሳብ አይወድም። አርምስትሮንግ ፊርማው በገበያ መሸጡን፣ አስመስሎ የሚፈርምም መነሣቱን ባየ ጊዜ መፈረሙን ተወ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከወለሉ የሰበሰበውን ፀጉሩን በ3,000 ዶላር ለሰብሳቢ ሸጠው፤ አርምስትሮንግም ፀጉሩ እንዲመለስ፣ ያለዚያም ገንዘቡ ለምጽዋት እንዲውል ጠየቀ። (የሰማዕት ዐፅም በክብር መጠበቁን የሚነቅፍ ትውልድ ከፀጉር ቤት የተጠረገ ፀጉር በዶላር መግዛቱ ያስገርማል።) ዝምተኛ ሰው ማንም የሻውን ዘር የሚዘራበት ጠፍ መሬት ይሆናልና፣ በጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ የሚለው ወሬ በብዙ አገር ከመናፈሱ የተነሣ፣ በ1975 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እውነት አለመሆኑን ለኤምባሲዎቹ እስከ መጻፍ ደርሷል።

ከሕዝብ በመራቁ የሚወቅሱት አሉ። ይሁን እንጂ ዋሻ አልገባም፤ ናሳን ከለቀቀ በኋላ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ስምንት ዓመት ያህል አስተምሯል፣ ለክራይስለር መኪናም ማስታወቂያ ሠርቷል፤ ይህን የመጨረሻውን የምጠቅሰው ጻድቅ አድርገን እንዳንሥለው ነው። ፍጹምነት ያልነበረው ሰው ልኩን ዐውቆ መኖሩ፣ ለእኛ ለደካሞቹ ከመላእክት ገድል ይልቅ የሚቀርብ ነው።

መስከረም 3 ቀን 2005 ዓ.ም. የመታሰቢያ ጸሎቱ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ተደረገ፤ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች በአንዱ፣ በባለ ቀለሙ መስተዋት መካከል፣ እርሱና ባልንጀሮቹ ከጨረቃ ያመጡት ድንጋይ ተቀምጧል። በሥርዓተ ሃይማኖት አልታሰርም ላለ ሰው ይህ ይገባዋልን የሚል ቢኖር፣ ካህናቱ ሰውየውን ሲያስቡ ምስጋናውን ወደ ሰጪው ያሳርጋሉና፣ በሕይወቱ ሳለ የተሰጠውን ውዳሴ ሁሉ ወደ ሌላ ሲያስተላልፍ የኖረው ሟች ይህኛውም ከእርሱ አልፎ በመሄዱ ቅር የሚሰኝ አይመስለኝም።