የቅቤው ገንዘብ የማን ነበር?

ድሬዳዋን በደንብ ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚራንና ቀፊራን ካየ በኋላ ታይዋን ገበያ ይግባ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ቦንዳ የምትፈታውን፣ ብርድ ልብስ የምትደረድረውን፣ ሽቶና ጫማ የምታሰናዳውን ሴት ልብ ብሎ ይያት። ዕቃ ላመጣላት ሰው በሶማሊኛ፣ ከገጠር ለመጣው ገዢ በኦሮምኛ፣ ከጎኗ ላለችው ነጋዴ በአማርኛ ትመልሳለች። የሸጠችበትን ብር ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ትቋጥራለች። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርምም፣ የሳምንቱ እቁብም ከዚያ ቋጠሮ ይወጣል።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፣ ንግዱም አብሮ መጣ። በዚያ ሐዲድ ሸቀጥ ይዘው የተመላለሱ፣ ኬላ ላይ የተፈተሹ፣ ዕቃቸው ተወርሶባቸው ተበድረው እንደገና የተነሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። በእናቱ ንግድ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ የበቃ የድሬ ልጅ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም።

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ከመቀነት ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚሆነው ነው። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በአየርላንድ ሴቶች ላይ ደርሷል። ታሪካቸውን ለታይዋን እናቶች ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአየርላንድ ገበሬ ቤት ላም ማለብ፣ የወተቱን ስልባቦት መግፈፍ፣ መናጥ፣ ቅቤውን አጥቦ ጨው ማግባት በአብዛኛው የሴት ሥራ ነበር። ዶሮውና እንቁላሉም የእሷ ነው። ከብትና እህል የተሸጠበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለባለርስቱ የመሬት ኪራይ ሲሄድ፣ ሻዩ፣ ስኳሩና የልጆቹ ልብስ ከቅቤና ከእንቁላል ይገኝ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የገጠር እናቶቻችንም የቅቤውን ብር ለብቻቸው ይይዙት የለም ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1889 በሊመሪክ አውራጃ ድሮምኮሎገር በምትባል መንደር የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ የቅቤ ፋብሪካ ተከፈተ። ንቅናቄውን የመራው ሆራስ ፕላንኬት የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የዴንማርክ ቅቤ የእንግሊዝን ገበያ እየወሰደ ስለነበር፣ ወተቱን አንድ ቦታ ሰብስቦ በማሽን እየለዩ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ቅቤ ማውጣት የገበሬውን ገቢ ያሳድጋል ተብሎ ታሰበ። ፋብሪካዎቹም በየመንደሩ ተስፋፉ። ነገር ግን ወተቱ የሚመዘገበው በአብዛኛው በመሬቱና በላሞቹ ባለቤት ስም፣ ማለትም በባል ስም ነበር። ክፍያውም ለእሱ ሆነ። ሚስት ማለዳ ተነስታ ማለቧን አልተወችም፤ የቅቤው ገንዘብ ግን ከእጇ ወጣ። ማንም ሊነጥቃት አላሴረም። መዝገቡ የባሏን ስም ብቻ ስለያዘ እንዲሁ ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ያገባች ሴት የራሷ ንብረት እንዲኖራት የፈቀደው ሕግ ለአየርላንድም የወጣው ፋብሪካው ከመከፈቱ 7 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ሕጉ እያለ ገንዘቡ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። የአየርላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 ለልጆች ማሳደጊያ ድጎማ መክፈል ሲጀምርም የሚከፈለው ለአባት ነበር። ለእናት እንዲሆን የተደረገው ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች ይል ነበር። ሚስት ለፍታ ያገኘችውን ገቢ ራሷ ታስተዳድራለች፤ የቀረውን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረው ግን ባል ነው። ታዲያ የድሬዋ ነጋዴ የብዙ ዓመት ትርፏን ቤት ብትገዛበት ማን ሊያዝበት ነው? ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ የደከመበት ሕግ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ፣ የፌዴራሉ አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ለውጡ ቀድሞ የገባባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ይበልጥ መጨመራቸውን አግኝተዋል።

ስለዚህ የታይዋን ሴት ሕጉ አላት፤ የአየርላንዷም ነበራት። ልዩነቱን የሚያመጣው ንግዱ ወደ ወረቀት ሲገባ የሚሠራው ሥራ ይመስለኛል። ሸራ ሥር የነበረው ሸቀጥ ሱቅ ሲገባ የንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ የኪራይ ውል ይፈረማል፣ የባንክ ሂሳብ ይከፈታል፣ ደንበኛ በቴሌብር መክፈል ይጀምራል። ያን ጊዜ «ቢሮ የሚመላለሰው እሱ ነው፣ በእሱ ስም ይሁን» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም በፍቅርና በመተማመን ነው የሚባለው። ሕጉ በአንዱ ስም የተመዘገበም ቢሆን የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሱቅ ውስጥ ያለ ሸቀጥ ግን በአንድ ቀን ተሸጦ ሊያልቅ ይችላል። አበዳሪም የሚያየው ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ነው። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ 20 ዓመት የነገደች ሴት ነጋዴ መሆኗን ማስረዳት ሊኖርባት ነው።

ትዳራቸውን የሚወዱ ባሎች ይህን እንደ ጥርጣሬ እንዳያዩት እለምናለሁ። የኪራይ ውሉ ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ፈቃዱ ንግዱን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ስም ይውጣ፤ የደንበኛ ክፍያም በእሷ ስልክ ይግባ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ለሚኖሩም ሕጉ ቦታ አለው፤ አብሮነታቸው 3 ዓመት ከሞላ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ክርክር ቢነሳ ግን አብረን ኖረናል፣ አብረን አፍርተናል የሚለው ወገን ማስረጃ ይጠየቃል። የእቁብ ደብተሯን፣ የኪራይ ደረሰኟንና ዕቃ የተረከበችበትን ወረቀት ከዛሬ ጀምራ ታስቀምጥ።