ለአባትህ ጊዜ ስጠው

ልጄ፣ አባትህን ስትሮክ ከመታው ወዲህ «አእምሮው ሄዷል» የሚሉህን አትስማ። ባለቤቴን በዚሁ ሕመም ለዓመታት አስታምሜያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ሐኪሞች አፌዥያ ይሉታል። በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚመራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። ያ ክፍል ደም ሲያጣ ቃሉ ይጠፋል እንጂ ሰውየው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም ያየው በሽተኛ ምን ቢጠየቅ መልሱ «ታን» ብቻ ነበር፤ የሚነገረውን ግን አብዛኛውን ይረዳ ነበር። ሲሞት ጉዳቱ በአንጎሉ ግራ በኩል፣ ከፊት ተገኘ። ሌላም ዓይነት አለ፦ ቃሉ ይጎርፋል፣ ትርጉም ግን የለውም፤ የሰው ንግግርም በቅጡ አይገባውም። እንዲህ ያለውን ሰው አበደ ይሉታል። አላበደም።

ባለቤቴ ሲኒ ስትፈልግ «ጀበና» ትል ነበር፤ «መጣሁ» ልትል «መጣ»። አባታችን ሆይን ግን ከዳር እስከ ዳር ትደግመዋለች፣ መዝሙርም ታዜማለች። ለዓመታት የተደጋገመ ቃል አዲስ ንግግር በሚወጣበት መንገድ አይወጣም። አባትህም ጸሎቱን አድርሶ ውሃ መጠየቅ ቢያቅተው ያኮረፈ እንዳይመስልህ።

«አዎ» እና «አይ» እንኳ ይምታቱበታል፤ ጥያቄውን ገልብጠህ ድገምለት፣ ዕቃውን በእጅህ ይዘህ አሳየው። ሬዲዮውን ዝጋ። አትጩህበት፣ ጆሮው ደህና ነው። ቃል ሲፈልግ ጠብቀው፤ በዓይኑ ካልለመነህ በቀር አትጨርስለት።

እኔን ከሁሉ የከበደኝ ጠያቂ ነው። ወገን በፍቅር ይመጣል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ እኔን «ትበላለች? ታውቀናለች?» ይሉኛል። «እሷን ጠይቋት» እላቸው ነበር። አንተም በል፤ የሚቀየም ይቀየም። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ። የቤቱንም ሆነ የባንኩን ጉዳይ አባትህ በሌለበት አትጨርሱ። መናገር ያቃተው ሰው ፈቃድ የሌለው አይደለም፤ ቤተሰብ ይህን ሲረሳ ማየት ያንገበግበኛል።

ብዙው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀስ እያለ ይሻሻላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ክትትል ስትሄዱ አጥብቀህ ጠይቅ። ጸበል ብትወስዱትም የግፊት መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ ስትሮኩ ከተደገመ የመለሰውን ቃል መልሶ ሊያጣው ይችላል።