«ዐረብ አገር» ስንል



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ልጆቻችን ስንጠያየቅ «ዐረብ አገር ናት» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ሆኗል። የሄደችው ቤይሩት ይሁን ሪያድ፣ ኩዌት ይሁን ዱባይ ብዙውን ጊዜ አንለይም። ያ ሁሉ ምድር በአነጋገራችን አንድ ሕዝብና አንድ ሃይማኖት ብቻ ያለበት መስሎ ይታያል። ይህን አነጋገር ዛሬ በቃለ እግዚአብሔር ብርሃን ልንመረምረው እንወዳለን።

መንፈስ ቅዱስ በወረደበት ዕለት በኢየሩሳሌም የነበሩትን ሕዝቦች ቅዱስ ሉቃስ እየለየ ይቈጥራቸዋል (የሐዋ. ሥራ 2፥9-11)። የጳርቴና የሜድ፣ የግብፅና የሊቢያ ሰዎችን ጠቅሶ በመጨረሻ ዐረቦችን ይጠራል። እያንዳንዱም የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ የሰማው በገዛ ቋንቋው ነው። መንፈስ ቅዱስ ሕዝቦችን በአንድነት ሲሰበስብ ስማቸውን አልደመሰሰም።

ዛሬም በእነዚያ አገሮች ብዙ ሕዝቦች አሉ። በግብፅ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቅብጣውያን ክርስቲያኖች ይኖራሉ፤ የእኛም የግእዝ ሥርዓት ከእስክንድርያ ወግ የሚመነጭ ነው። በሊባኖስ በሕግ የታወቁት የሃይማኖት ወገኖች 18 ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱም በልማድ ከማሮናውያን ካቶሊኮች ወገን ይመረጣል። በኢራቅ ከዐረቦች ጋር ኩርዶች፣ ከሱኒና ከሺዓ ሙስሊሞች ጋር ከለዳውያን ካቶሊኮችና ያዚዲዎች ይኖራሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ ግን በሥራ ምክንያት የገቡ ክርስቲያኖች ብዙ ቢሆኑም በአደባባይ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን የላቸውም።

ይህ እውቀት ለልጆቻችን ስንቅ ነው። ወደ ቤይሩት የምትሄድ እኅት የምታስቀድስበትን ቤተ ክርስቲያን ጠይቃ ልታገኝ ትችላለች፤ ወደ ሪያድ የምትሄደው ግን ጸሎቷን በልቧ ይዛ መሄድ ይገባታል። መምህራን ሆይ፣ መንገድ ከመጀመሯ በፊት የመቍጠሪያን ጸሎት በቃሏ አስጠኗት፤ የምትገባበትንም አገር ሁኔታ አስረዷት።

እውቀቱ ለእኛ ለቀረነውም ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሊቢያ በግፍ መገደላቸው በተሰማ ጊዜ አገር በሙሉ አለቀሰ። ከሁለት ወር በፊት በዚያው ምድር 20 ቅብጣውያንና አንድ ጋናዊ ስለ ክርስቶስ ተገድለው ነበር። ይህ ሐዘን እውነተኛ ነው። ነገር ግን የገዳዮቹን ዕዳ ከጎረቤታችን ከሙስሊሙ የምንጠይቅ ከሆነ ሐዘናችን ወደ ኃጢአት ይለወጣል።

ፈተናው ከደጃችን የራቀ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ሱቁ የነደደበት ሰው ከዐረብ ምድር የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ አማርኛችንን የሚናገር፣ አባቶቹ በዚህ አፈር የተቀበሩ የጎጃም ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ስንቶቻችን ጎረቤታችንን ሄደን አጽናናን? ስንቶቻችንስ ዝም አልን? እኛ ካቶሊኮች በዚህ ምድር ቍጥራችን ጥቂት ነው፤ ሃይማኖታችን «የፈረንጅ» ሲባል የሚሰማንን ሕመም እናውቃለን። ያን ሕመም የሚያውቅ ሰው ሌላውን በገዛ አገሩ ባዕድ ሊያደርገው አይገባም።

ከሞጣ ብዙ በማይርቀው በመርጡለ ማርያም የመነኰሰው የጎጃሙ ልጅ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ምሳሌ ይሁነን። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት ጋር ሄዶ ካይሮን፣ ቀጥሎም ሮማንና ኢየሩሳሌምን አየ። አብሮት የተጓዘውን ባዕድ ካህን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብን በመንገድ በቅርብ አወቀው፤ ከዚያም ወዳጁና ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ስለ እምነቱ በ1855 በእስር ሳለ ዐረፈ፤ በ1926 ብፁዕ ተባለ። ባዕድ የሚባለውን ሰው ቀርቦ ማወቅ ለእርሱ የቅድስና መንገድ ሆነለት።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቻችን ያሉበትን አገር በስሙ ጠርተን እንጸልይላቸው፤ ለአሠሪዎቻቸውም የርኅራኄ ልብ እንዲሰጣቸው እንለምን። በሚመጣው የዒድ በዓል የሙስሊም ጎረቤታችንን ደጅ እንርገጥ፤ ሐዘን ሲደርስበትም አብረነው እንቀመጥ። ሕዝቦችን ሁሉ በየቋንቋቸው የጠራ መንፈስ ቅዱስ ልባችንን ያስፋልን።

አሜን።