ድምፁ የማን ነው?

በአገራችን ጥይት ይናገራል። ሰሜን ሄዳችሁ ሠርግ ቤት የተቀመጣችሁ እንደሆነ፣ ደጅ ላይ ድንገት ሲንጣጣ ማንም ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም፤ ሙሽራው መጣ ማለት ነው። ለቅሶ ላይ ከተተኮሰ ደግሞ ሟቹ ወገን ያለው፣ የተከበረ ሰው ነበር ማለት ነው። መሣሪያዎቹን ራሳቸውንም የቤት ልጅ አድርገናቸዋል። የፈረንሳዩን "ፉዚል ግራ" ውጅግራ፣ የእንግሊዙን "ስናይደር" ሰናድር ብለን ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን።

ታዲያ አንድ ሰው በገዛ ግቢው፣ በፈቃድ በያዘው መሣሪያ፣ ማንንም ሳያቆስል ለመዝናናት ያህል ቢተኩስ ምን ነውር አለበት? ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው።

ወዳጄ የወላይታ ሶዶ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት የሚታይበት የአባቱ ይዞታ አለው። ጥጉ ላይ ያለችውን ገደላማ ቦታ አስተካክሎ፣ ከኋላዋ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አፈር ከምሮ፣ ለራሱና ለወዳጆቹ የዒላማ መለማመጃ አድርጓታል። አንድ ቅዳሜ ጠራንና ሄድን። ጥንቃቄው አይነገርም! ተራ ያልደረሰው ከመስመር ኋላ ይቆማል፣ አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፣ ሁላችንም ጆሯችንን ደፍነናል። እዚያ ቤት ቢራ የሚከፈተው ጠመንጃው ሳጥን ገብቶ ከተቆለፈበት በኋላ ነው።

ደስ አይልም ብዬ አልዋሽም። ሰደፉን ትከሻ ላይ ገጥማችሁ፣ ትንፋሽ ዋጥ አድርጋችሁ፣ ቃታውን ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡ፣ በዚያች ቅጽበት የቤት ኪራይ የለም፤ የአለቃ ግልምጫ የለም። ቆርቆሮዋ ከግንዱ ላይ ስትዘል ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ዓላማውን ሲፈልግ የኖረ ሰው ቢያንስ ዒላማውን አገኘ። ስፖርትም ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በተተኮሰ በ36ኛው ቀን አቴንስ ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ፣ ከሩጫውና ከትግሉ ጋር የተኩስ ውድድርም ነበረው።

እኩለ ቀን ገደማ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ወዳጄ ሮጦ ሄዶ እጃቸውን ያዘ።

"ምን ተፈጠረ ልጄ?"

"ምንም የለም አባባ፣ እየተጫወትን ነው።"

"ጨዋታ ነው?" ቆርቆሮዎቹን አዩ፣ እኛን አዩ። "ጨዋታ ከሆነስ ደግ። አስቀድማችሁ ብትነግሩን ሴቶቹ ልጆቹን ከመንገድ እየሰበሰቡ በር አይዘጉም ነበር።"

ቁጣ የላቸውም። መርቀውን ሄዱ። ቁርጡ በዳጣ ቀረበ፣ ጨዋታው ቀጠለ። እኔን ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ጆሮ ይጎዳል ተብሎ እኛ ተኳሾቹ ደፍነናል። ወላይታ ደግሞ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ገጠሮች አንዱ ነው፤ ከአንዱ እንሰት ጓሮ ሌላው ጓሮ ይቀጥላል። ጥይቱ አፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ድምፁ ግን አጥር አያውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሊሰማው የመረጠው እኛ ብቻ ነን፣ እሱንም በተደፈነ ጆሮ።

ሰዎቹስ ምን ሰሙ? በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮችና የክልልነት ጥያቄ አስተባባሪዎች መታሰራቸውን ተከትሎ ሶዶና ቦዲቲ ላይ ተቃውሞ ሲነሣ፣ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ሰዎች ሞተዋል። ያን ጊዜ ልጇን ከመንገድ የጎተተች እናት ዛሬም እዚያው ናት። ወደ ኋላ ከሄድንም በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ሊያስገብር በመጣ ጊዜ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ ሕዝብ ዘመናዊ ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ ያየው በዚሁ ምድር ነው። ከዘመቻው ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም እልቂቱን በመጽሐፉ መዝግቦታል። ከዓመት ከጥቂት ወር በኋላ ዐድዋ ላይ ያኮራን ጠመንጃ፣ እዚህ ሲጮኽ ሌላ ቋንቋ ይናገራል።

ወዳጄ እንዲህ ሲባል ይቆጣል። "እንዲህማ ከሆነ፣ የፈራ ሰው ባለበት ሁሉ ምንም ሊደረግ አይችልም ማለት ነው። የበዓል ርችትስ? ሌሊቱን ሙሉ የሚለፈልፈው ድምፅ ማጉያስ? ፈቃድ አለኝ እኮ!" ከፊሉ እውነቱን ነው። የሰው ትዝታ ሁሉ የሌላው ሰው እግር ብረት ሊሆን አይገባም። ድምፅ ማጉያው ግን እንቅልፍ ነው የሚነሣው፤ ጥይት ልጅ ያስቆጥራል። ፈቃዱንም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያወጣው መንግሥት ነው። መንግሥት መሣሪያ መያዝን ይፈቅድ ይሆናል፤ በጎረቤት ድንጋጤ ላይ ግን ፈቃድ ሰጪው ጎረቤት ብቻ ይመስለኛል። አስቀድሞ መንገሩም ቢሆን ግማሽ መፍትሔ ነው። ለሽማግሌው ትነግራላችሁ፤ ከገበያ ለምትመለሰው፣ መንገድ ላይ ላለችው ሴት ማን ይነግርላታል? ደግሞስ ተኩሱ ጨዋታ መሆኑን የለመደ ሰፈር የምሩ የመጣ ቀን ምን ሊያደርግ ነው?

ወዳጄ አሁን የአየር ጠመንጃ ሊገዛ እያሰላሰለ ነው። ዒላማው ያው፣ ትንፋሹ ያው፣ ቆርቆሮዋም ያቺው ናት። "ድምፅ ከሌለው ግን ምኑን ተተኮሰ? ደስታው ይቀንሳል" ይላል። የሚቀንሰው የትኛው ደስታ እንደሆነ ጠይቄው መልሱን እየጠበቅሁ ነው።