ማወቅ ብቻውን ይበቃልን?

መልካሙን የሚያውቅ ሰው ስለ ምን ክፉውን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ከመስበኩ ከ400 ዓመት በላይ አስቀድሞ የዚያች ከተማ ጠቢባን አጥብቀው መርምረውታል።

የመጀመሪያው ሶቅራጥስ ነው። እርሱ ራሱ መጽሐፍ አልጻፈም፤ ትምህርቱን ያቆዩልን ደቀ መዛሙርቱ፣ ይልቁንም አፍላጦን ናቸው። የግዕዝ ሊቃውንትም ስሙን ከዐረብኛ ከተተረጐመው ከመጽሐፈ ፈላስፋ ያውቁታል። ሶቅራጥስ፣ ሰው ወዶ ክፉ እንደማይሠራ፣ የሚበድልም ሁሉ እውነተኛውን መልካም ነገር ባለማወቁ እንደሚበድል ያስተምር ነበር። በ399 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የከተማይቱን አማልክት አታከብርም፣ ወጣቶችንም ታበላሻለህ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ወዳጁ ክሪቶን ከወኅኒ እንዲያመልጥ ቢለምነውም፣ በደልን በበደል መመለስ አይገባም ብሎ እንቢ አለ፤ መርዙንም ጠጣ።

በአፍላጦን ትምህርት ቤት 20 ዓመት ያህል የቆየው አርስጣጣሊስ ግን ይህ አሳብ በዓይን ከሚታየው ነገር ጋራ እንደማይስማማ ተናገረ። ምኞት ያሸነፈው ሰው ስለ በጎነት ሲናገር፣ ሰካራም ቅኔ እንደሚደግም ነው፤ ቃሉ በአፉ አለ፣ ኃይሉ ግን ከእርሱ ርቋል። ደግሞም መልካም ሕግ እያላት የማትሠራበትን ከተማ ይመስላል። መድኃኒቱንም በልማድ ፈለገው፤ ግንበኛ በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን፣ ሰውም ጽድቅን በመሥራት ጻድቅ ይሆናል አለ።

ወዳጆች ሆይ፣ ይህ ለእኛ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥረን ካቴኪዝም ባስጠናን ጊዜ ሥራው የተፈጸመ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ስርቆትን የሚከለክለውን ትእዛዝ ከነትርጓሜው የሚያውቅ ሰው የጎረቤቱን ድንበር ይገፋል፤ በጉባኤ ስለ ይቅርታ የሚያስተምርም ከወንድሙ ጋራ ሳይታረቅ ዓመቱን ያከርማል።

ልማድ ትልቅ ረዳት ነው፤ እጅን ይገታል፣ ልብን ግን አይለውጥም። ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1517 ዓ.ም. ለክርክር ባዘጋጃቸው አንቀጾች አርስጣጣሊስን በዚሁ ነገር ተቃወመው። ሰው አስቀድሞ በእግዚአብሔር ጸጋ ይጸድቃል፤ መልካም ሥራውም ከዚያ በኋላ ይከተላል። ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ በ7ኛው ምዕራፍ የጠቢባኑን ክርክር በራሱ ሰውነት ውስጥ አገኘው፤ መልካሙን ያውቃል፣ ይወድማል፣ የሚጠላውን ግን ያደርጋል። በዚያ ጭንቀት ሳለ ሌላ ትምህርት አልፈለገም፤ አዳኝን ፈለገ እንጂ። በኢየሱስ ክርስቶስም አገኘው።

እንግዲህ ጠቢባንን አንናቅ። ሶቅራጥስ በነበረው ጥቂት ብርሃን በደልን ከመሥራት ሞትን መረጠ፤ ከእርሱ ይልቅ ብዙ የሰማን እኛ ምን እንመልሳለን? ልጆቻችንንም ማስተማር አንተው፤ የተማርነው ቃል በልባችን ሕይወት እንዲሆን ግን መንፈስ ቅዱስን ዕለት ዕለት እንለምን። ከወንድሙ የተጣላም ሰው ሌላ ስብከት እስኪሰማ አይቆይ፤ በጌታ ጸጋ ተደግፎ ዛሬ ወደ እርሱ ይሂድ።